«ገና ልጅ ናት» እና «ዕድሜዋን ጠግባለች»፦ ዕድሜና የጡት ካንሰር

በየሰበካው ስለ ጡት ካንሰር ሲነሣ ሁለት አባባሎች ደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው ስለ ወጣቷ የሚባለው ነው፦ «ገና ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለው ሕመም በእርሷ ዕድሜ አይመጣም።» ሁለተኛው ስለ እናቲቱ የሚባለው ነው፦ «ከእንግዲህ ዕድሜዋን ጠግባለች፤ ለምን በሆስፒታል እናንገላታታለን?» ሁለቱም ከርኅራኄ የሚወጡ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ግን ሴቲቱን ከሐኪም ያርቋታል። በዚህ ጽሑፍ ዕድሜ በጡት ካንሰር ከመዳንና ካለመዳን ጋር በእውነት ምን ግንኙነት እንዳለው፣ ከዚህም ውስጥ የትኛው ከበሽታው ጠባይ፣ የትኛው ደግሞ ከመዘግየትና ከሕክምና መጓደል እንደሚመጣ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት አባቶቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ መያዝ ይገባል። አንደኛው «በበሽታው ማን ይያዛል?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከተያዙት መካከል ማን ይድናል?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። የአንዲት ሴት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏም ይጨምራል። በአሜሪካ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ሲታወቅ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ያለፈ ነው፤ ከ45 ዓመት በታች ያሉት ከአሥሩ አንዷ ያህል ናቸው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ በስዊድን የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት የጡት ካንሰር የተገኘባቸውን ከ57 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሴቶችን መዝገብ መርምሮ በ1986 ለንባብ በቅቷል። አረጋውያን በሌላ ምክንያትም ስለሚያርፉ፣ ተመራማሪዎቹ የታማሚዎቹን ዕጣ በተመሳሳይ ዕድሜ ከሚገኙ ሌሎች የአገሪቱ ሴቶች ጋር አነጻጸሩ፤ በዚህም የበሽታውን ጉዳት ከእርጅናው ለይተው ለማየት ቻሉ። ከሁሉ የተሻለ ውጤት የታየው በሽታው ከ45 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ በተገኘባቸው ሴቶች ላይ ነበር። ከ30 ዓመት በታች የነበሩት ከእነርሱ ያነሰ የመዳን ዕድል ነበራቸው። ከ50 ዓመት ወዲያ ደግሞ ዕድሉ እየቀነሰ ሄዶ ከ75 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ከሁሉ የከፋ ሆነ። በሥዕል ብናስቀምጠው ኮረብታ ይመስላል፤ መካከሉ ከፍ ይላል፣ ሁለቱ ጫፎች ዝቅ ይላሉ። በዚያ ዘመን የነበረው ሕክምና ከዛሬው በብዙ ያነሰ ቢሆንም፣ የሁለቱ ጫፎች ዝቅ ማለት ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶችም ታይቷል። ዝቅ ያሉበት ምክንያት ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

በወጣቶቹ በኩል ካለው እንጀምር። በወጣትነት የሚነሣ የጡት ካንሰር ብዙውን ጊዜ ጠባዩ የከረረ ነው። ሕዋሳቱ በፍጥነት ይባዛሉ፤ ወደ ብብት እጢዎችና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለመዛመትም ይቸኩላሉ። በአረጋውያን ላይ የሚታየው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በሴት ሆርሞን የሚመገብ በመሆኑ ሆርሞኑን በሚከለክል የሚዋጥ መድኃኒት ሊገታ ይችላል። በወጣቶች ላይ ግን በሆርሞን የማይመገበው፣ ስለዚህም ይህ መድኃኒት የማይሠራበት ዓይነት ካንሰር በርከት ብሎ ይታያል። እናቷ ወይም እኅቷ ገና በወጣትነቷ በጡት ካንሰር የተያዘችባት ሴት ደግሞ በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት ሊኖርባት ስለሚችል ቀደም ብላ ሐኪም ማማከር ይኖርባታል።

ታዲያ ይህ ማለት ወጣቷ ተስፋ የላትም ማለት ነውን? አይደለም። ለዚህ መልስ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ2000 ለንባብ የበቃ የዴንማርክ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች የነበሩ 10,356 ታማሚዎች ተመዝግበውበታል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ የተመለከቱት ካንሰሩ «ቀላል» ተብሎ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተጨማሪ መድኃኒት ያልተሰጣቸውን ሴቶች ነው። በእነዚህ መካከል ዕድሜ ባነሰ ቁጥር የሞት አደጋው እየጨመረ ሄዷል፤ ከ35 ዓመት በታች በነበሩት ላይ አደጋው ከ45 እስከ 49 ዓመት ከነበሩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቀጥለው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኬሞቴራፒ የተሰጣቸውን ተመለከቱ። በእነዚህ ዘንድ ያ የዕድሜ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ በዚያ ጥናት ወጣቶቹን ይበልጥ የጎዳቸው ትልቅ ነገር «ቀላል ነው» ተብሎ ሳይሰጣቸው የቀረው ሕክምና ነበር ማለት እንችላለን። እኛም ስለ ዕድሜ ስንናገር ይህን ጥናት ደጋግመን የምናነሣው ዕድሜ እንደማይሻር ፍርድ እንዳይቆጠር ብለን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የታከሙ፣ በሽታው ገና ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ያልተዛመተባቸው 1,070 ሴቶች በአንድ ጥናት ተመዝግበው ነበር። ከእነርሱ ግማሾቹ 43 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ከአሜሪካ ታማሚዎች ጋር ሲነጻጸር የሃያ ዓመት ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህን ቁጥር የሰሙ ብዙዎች «በእኛ አገር በሽታው ወጣቶችን ይመርጣል» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳሉ። ድምዳሜው ግን ይፈትናል፤ ምክንያቱም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ 20 ዓመት ያልሞላው ነው።

ነገሩን በሰበካ ምሳሌ እንየው። በአንድ አጥቢያ 800 በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶችና 100 ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ እናቶች አሉ እንበል። የእያንዳንዷ እናት የመያዝ ዕድል ከእያንዳንዷ ወጣት በአራት እጥፍ ይበልጣል ብለን ብንነሣ እንኳ፣ በዚያ አጥቢያ ከሚታመሙት ሦስት ሴቶች ሁለቱ ከወጣቶቹ ወገን ይሆናሉ። ወጣቶቹ በቁጥር ስለሚበዙ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱም በኩል መሳት የለብንም። አያቶቻችን ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በየቤተ ክርስቲያናችን ዐውደ ምሕረት በዚህ በሽታ የምናጣት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃን ያዘለች፣ ቤት የምታስተዳድር፣ ገና ልጆቿን ያላደረሰች ናት።

ከዚሁ ጥናት ከዕድሜም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ቁጥር አለ። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ወደ ሕክምና የመጡት በሽታው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነበር፤ እብጠቱ በአማካይ አምስት ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ይህም የሎሚ ፍሬ ያህል ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ከመጡት ከመቶው 72 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ወደ ሌላ አካል ሳይዛመትባቸው ተገኝተዋል። በሦስተኛ ደረጃ ከመጡት ግን ይህ ዕድል የነበራቸው ከመቶ 33 ብቻ ናቸው። የመድኃኒቱ ዓይነትና ሆስፒታሉ አንድ ነበር፤ ሴቶቹ ሲደርሱ በሽታው የነበረበት ደረጃ ግን የተለያየ ነው።

ወጣቷ ለምን ትዘገያለች? ከሁሉ በፊት እብጠቱ ብዙውን ጊዜ ስለማያም ነው። የማያም ነገር በእኛ ዘንድ እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ የራስ ምታት ያህል እንኳ አያስጨንቅም። በእርግዝና ወይም በማጥባት ላይ ያለች ከሆነች ደግሞ ጡቷ በተፈጥሮው ስለሚሞላና ስለሚጠጥር «ወተት ቋጥሮ ነው»፣ «ብርድ መትቷት ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ጤና ጣቢያ ሄዳም ዕድሜዋ ታይቶ የቁስል ማድረቂያ ክኒን ብቻ ተሰጥቷት ልትመለስ ትችላለች። ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅም የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ እብጠቱን አጥርቶ ላያሳይ ስለሚችል በአልትራሳውንድ መመርመር ያስፈልጋታል። በዚህ ሁሉ ላይ «ጡቴ ይቆረጣል፣ ትዳሬ ይፈርሳል፣ ከእንግዲህ አልወልድም» የሚለው ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ከንቱ ነው ብለን አናቃልለውም። ነገር ግን ቀድሞ የተደረሰበት ካንሰር ብዙ ጊዜ ጡት ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሊታከም እንደሚችል፣ ከሕክምናው በኋላም በሐኪም ምክር የወለዱ ብዙ ሴቶች እንዳሉ ሊነገራት ይገባል።

እዚህ ላይ ሌላ ፍርሃት እንዳንዘራ አንድ ነገር መጨመር አለብን። በጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ፣ በተለይም በሃያዎቹ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ፣ ካንሰር አይደሉም። ሆኖም የቱ እንደሆነ በዕድሜ ወይም በመዳሰስ ብቻ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በመርፌ ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት። እብጠት ወይም ጠጣር ነገር በጡት ወይም በብብት ሲገኝ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም ደም ሲያወጣ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲጎደጉድ፣ ወይም የማይድን ቁስል ሲወጣ በየትኛውም ዕድሜ መመርመር ይገባል። የምታጠባ እናት ጡት በሕክምና ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ካልተሻለ «ወተት ነው» ማለት ይብቃ።

ወደ ሁለተኛው ጫፍ፣ ወደ እናቶቻችን እንሻገር። ይህን ስናይ አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን። በእርጅና የሚመጣ የጡት ካንሰር በጠባዩ ከወጣቶቹ የለዘበ ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለሆርሞን መከላከያ ክኒንም ይበልጥ ይታዘዛል። እንዲህ ከሆነ ውጤቱ የተሻለ መሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን የከፋ ነው። በእርግጥ የልብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አብረው ሲኖሩ አንዳንዱን ሕክምና ያከብዱታል። ከዚህ ባሻገር ግን አረጋውያን ዘግይተው ይመረመራሉ፤ ሲመረመሩም ቀዶ ሕክምናው ወይም መድኃኒቱ «አይችሉትም» ተብሎ ይቀነስባቸዋል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በበለጸጉት አገሮችም ሐኪሞች ራሳቸው ሲተቹበት የቆዩ ጉዳይ ነው። አዳዲስ መድኃኒቶች በሚፈተኑባቸው ጥናቶችም አረጋውያን እምብዛም ስለማይካተቱ፣ ሐኪሙ ለሰባ ዓመት እናት ምን ያህል መድኃኒት እንደሚበቃ የሚያይበት ማስረጃ ያንሰዋል። መታየት ያለበት የልደት ዘመናቸው ብቻ ሳይሆን ጉልበታቸው ነው። ውኃ የሚቀዱ፣ ቅዳሴ ቆመው የሚያስቀድሱ፣ ለንግሥ በእግራቸው የሚሄዱ የሰባ ዓመት እናት ቀዶ ሕክምናን አይችሉም ብሎ አስቀድሞ መወሰን ለማን ይቻላል?

ታሞክሲፈን የተባለው ክኒን ለብዙዎቹ እናቶች የሚሆን መድኃኒት ነው። ዋጋው ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ያነሰ ነው፤ በየዕለቱ በቤት ይዋጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይወሰዳል። በአዲስ አበባው ጥናት የሆርሞን ምርመራ ከተደረገላቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህ መድኃኒት የሚሠራበት ዓይነት ካንሰር ነበረባቸው፤ ከእነርሱም ወጣቶች አሉበት። ችግሩ ብዙዎች ሲሻላቸው ማቋረጣቸው ነው። «ድኛለሁ» ብላ በሁለተኛው ዓመት ያቆመች ሴት ገና የሚጠብቃትን ጥበቃ ትታለች።

በዚህ ረገድ የሴቶች ገዳማትን ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአገሩ መነኮሳይያት ዘንድ የጡት ካንሰር ከሌሎች ሴቶች በርክቶ እንደሚታይ ጽፎ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል፤ መውለድና ማጥባት በዚህ በሽታ የመያዝን ዕድል በመጠኑ ይቀንሳሉ፣ መነኮሳይያት ደግሞ አልወለዱም፣ አላጠቡም። በየገዳሙ ያሉ እናቶቻችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሰውነታቸውን ለማንም ማሳየት የማይፈቅዱ፣ ሕመማቸውንም እንደ ተጋድሎ የሚቆጥሩ ናቸው። በአካባቢው ያለች ሴት ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእመምኔቷ ፈቃድ በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ገዳሙን ብትጎበኝ ብዙ ይጠቅማል።

ካህናት አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ማንም የማይተካው ስፍራ አላችሁ። ሴቲቱ ለባሏ ያልነገረችውን ለንስሐ አባቷ ትናገራለች። ወደ ጠበል ስትመጣም ቁስሏን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም የሐኪም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ብዙዎችን አትርፏል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ክብርና ስለ መድኃኒት ከምድር መገኘት ይናገራል። ጡቷ ያበጠ ሴት ለሱባዔ ስትመጣ «ሐኪም አይቶሻልን?» ብሎ መጠየቅ፣ ካላያትም ምርመራዋን አድርጋ እንድትመለስ መላክ ከጸሎቱ ጋር የሚሄድ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። ስድሳ ቀን ሁለት ሱባዔ እንኳ ሳይደጋገም የሚያልቅ ጊዜ አይደለም፤ ነገር ግን በቀጠሮና በመንገድ በቶሎ ያልቃል።

የጾምም ነገር አለ። ኬሞቴራፒ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ለተወሰነ ዙር የሚሰጥ ነው፤ ሰውነትን ያደክማል፣ ምግብን ያስጠላል። ዐቢይ ጾም ስለገባ ቀጠሮዋን የዘለለች ወይም ባዶ ሆዷን መድኃኒቱን የወሰደች ሴት ትጎዳለች። ይህን ሐኪሙ ቢነግራት ላትሰማ ትችላለች፤ የንስሐ አባቷ ለሕመምተኛ የተፈቀደውን ሲነግሯት ግን ልቧ ያርፋል።

ሰበካ ጉባኤያት ሊያስቡበት የሚገባው የመንገዱና የማደሪያው ነገር ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። ሕክምናው በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት የሚቀጥል ስለሆነ ከገጠር የመጣች ሴት በከተማ ማደሪያ ያስፈልጋታል፤ ከሕክምናው ዋጋ ይልቅ በማደሪያ እጦት አቋርጠው የሚመለሱ አሉ። የከተማ አጥቢያ ለገጠር አጥቢያ እኅት ለአንድ ወር የሚሆን ክፍል ቢያዘጋጅ ለንግሥ እንግዳ ከሚደረገው መስተንግዶ የሚበልጥ ወጪ የለውም። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የአባልነት መዋጮ መክፈል ያልቻሉ ቤተ ሰቦችንም መመዝገቢያው ጊዜ ሳያልፍ ለይቶ መርዳት ይቻላል። በጽዋ ማኅበራትና በሰንበት ትምህርት ቤት በኩል ትምህርት ሲሰጥ ደግሞ ሴት ለሴቶች ብትናገር ይመረጣል፤ በምእመናኑ መካከል ነርስ ወይም አዋላጅ የማይገኝበት አጥቢያ ጥቂት ነው። ትምህርቱ ለወጣቶቹ ብቻ ተብሎ እናቶች በደጅ እንዳይቀሩ፣ ለእናቶች ተብሎም የሚያጠቡት እንዳይቀሩ ይታሰብበት።

በመጨረሻም ትንሽ የምትመስል ጉዳይ አለች። የናሙናው ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ሴቲቱ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ስትላክ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ምርመራው እንደገና ይጀመራል፣ ሳምንታትም ይባክናሉ። ከሴቲቱ ጋር የሚሄደው የሰበካው ተወካይ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አስባዝቶ አንዱን በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት በታሸገ ፖስታ፣ በእርሷ ፈቃድና በምስጢር ያስቀምጥላት።